ትሪው የተነሣበት ዓመት

ፈረደ ገንዳ ውሃ ላይ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በትራክተሩና በቂሙ። ትራክተሩ አርጅቶ ጠዋት ጠዋት ካልተገፋ አይነሣም። ቂሙ ግን ማንም ሳይነካው ይነሣል። በተለይ «የሰሊጥ አበባ» የሚባለው የግል ትምህርት ቤት ስሙ ከተጠራ አለቀ፤ የጀመረውን ሻይ ያስቀምጥና፣ «የዚያን ትምህርት ቤት ድንጋይ ማን እንዳመላለሰው ታውቃለህ?» ይላል። ሰሚው ያውቃል። ገንዳ ውሃ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ካለ፣ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው።

ስለዚህ በሰኔ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጁ ስርጉት ደብተሯን ታቅፋ መጥታ፣ «አባዬ፣ የትምህርት ቤታችንን ታሪክ እየጻፍን ነው፤ አንተንም ልጠይቅህ» ስትለው፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈ። ዐሥር ዓመት የጠበቃት ቀን መጣችለት።

«ማን ነው ጻፉ ያላችሁ?»

«ቲቸር ዘሀቢያ። ዐሥር ዓመት ስለሞላን በወላጆች ቀን ይነበባል፤ የነገ ሳምንት፣ እሑድ።»

«ራሷ ያቋቋመችውን ትምህርት ቤት ራሷ አትጽፈውም?»

«የኔ አፍ ብቻ ከተሰማበት ታሪክ አይሆንም አለች። ትልልቅ ሰው እየጠየቃችሁ ራሳችሁ ጻፉት አለች።»

«እንግዲያው ጻፊ» አለ ፈረደ። «የዛሬ ዐሥር ዓመት፣ እንዲህ እንደ አሁኑ በሰኔ፣ ሰው ሁሉ ወደ ማሳው ሲሮጥ፣ እኔ የራሴን እርሻ ትቼ ሦስት ቀን ሙሉ ለግቢው አጥር በተሳቢ ድንጋይ አመላለስኩ። ሳንቲም አልተቀበልኩም። ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«የምርቃቱ ቀን የረዳ ሰው ሁሉ ስሙ ተጠራ። ጨርቅ የሰጠው ነጋዴ ተጠራ። አንድ ጣሳ ቀለም የሰጠው ሳይቀር ተጠራ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ምን ተባለ? ‹ሹፌራችንንም እናመሰግናለን።› ሹፌራችን! ስም የሌለኝ ይመስል። ጻፊው።»

«ይኸን እኮ ብዙ ጊዜ ነግረኸናል አባዬ።»

«ተነግሯል እንጂ ተጽፏል?»

ስርጉት ጻፈችው። ልጅቷ ስትጽፍ ምላሷን በከንፈሯ ጫፍ ታወጣለች። ፈረደ ቃሉ በደብተር ላይ መስመር እየያዘ ሲሄድ አይቶ ደረቱ ሞላ። እሷ ግን ገጹን ገለጠችና፣ «አሁን ደግሞ ያልገባን ነገር አለ። ትሪው ለምን ተነሣ?» አለችው።

የፈረደ ደረት ባለበት ቀረ።

ስለ ትሪው ለማያውቅ ሰው ነገሩ ይኸ ነው። ዘሀቢያ የሱቅ ነጋዴ ልጅ ናት። ኮሌጅ ጨርሳ ስትመለስ የመንግሥት ሥራ ትይዛለች ሲባል፣ አንድ የሰሊጥ መጋዘን ተከራይታ ትምህርት ቤት ከፈተች። አከፋፈቱ ለሰው ሁሉ ግራ ነበር። ልጆቹ በሰልፍ በሰልፍ አይቀመጡም፣ ክብ ሠርተው ነው። አለንጋ የለም። አንደኛ ወጣ፣ መጨረሻ ወጣ የሚባል ነገር የለም። ከጓሮው አንድ ቁራሽ መሬት ላይ ሰሊጥ ይዘራሉ፤ ሒሳብ የሚማሩት የሰሊጡን ግንድ እየለኩ፣ ፍሬውን እየቆጠሩ ነው። ልጅ መምህሩን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። አንዳንዱ ወላጅ ወደደው፤ አንዳንዱ ደግሞ «ይኸ ትምህርት ነው ጨዋታ?» አለ።

ትልቁ ነገር ግን ትሪው ነው። በምሳ ሰዓት ልጆቹ ሁሉ የምሳ ዕቃቸውን ሰርግ ቤት በሚቀርበው ዓይነት ሰፊ ትሪ ላይ ገልብጠው አንድ ላይ ይበላሉ። የክርስቲያኑም የእስላሙም ልጅ። ገንዳ ውሃ ላይ ሰው አብሮ ይነግዳል፣ አብሮ ያለቅሳል፣ አንዱ ለሌላው ልጅ ያሳድጋል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን የየራሱ ነው፤ አንዱ የባረከውን ሌላው አይቀምስም። ዘሀቢያ ይህን ስለምታውቅ ትምህርት ሳይጀመር ወላጆቹን፣ ቄሱንና ሼኩን ጠርታ አስማማች፤ ሥጋ በትምህርት ቤቱ በር አይገባም። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ዳቦ፣ ሌላ የለም። ቄሱም ሼኩም እየሳቁ ተጨባበጡ። ሁለት ዓመት ያህል ልጆቹ ከአንድ ትሪ በሉ። በሦስተኛው ዓመት መግቢያ ላይ ትሪው ተነሣ፤ እስከ ዛሬም የክርስቲያኑ ልጅ በአንድ ወገን፣ የእስላሙ ልጅ በሌላ ወገን፣ የምሳ ዕቃውን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የሚበላው።

«እኛ የጻፍነው እንዲህ ይላል» አለች ስርጉት፤ አነበበችለትም። «‹አንዲት እናት፣ ወይዘሮ ዘሊካ የሚባሉ፣ ስተው ሥጋ ያለበት ሳምቡሳ ለልጃቸው ቋጠሩ። ሌሎች ልጆችም በሉ። ወላጆች ተቆጥተው ልጆቻቸውን አስወጡ። ከዚያ በኋላ ትሪው ተነሣ።› እንዲህ ነው አይደል?»

«ማን ነገራችሁ?»

«ሁሉም ሰው።»

ፈረደ ተነሥቶ ቆመ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለና ትራክተሩ ሥር ገብቶ ተኛ። የሚጠገን ነገር አልነበረም።

ያውቃል እንጂ። ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የተናደደው በወላጆች ስብሰባ ላይ ነበር። ያኔ የበኩር ልጁ ሸጋው እዚያ ይማር ነበር፤ ሁለተኛ ክፍል። ፈረደ እጁን አውጥቶ ተነሣና፣ «ልጄ ስንተኛ እንደወጣ ካላወቅኩ ምን እንደተማረ በምን አውቃለሁ? ደረጃ ይሰጠን!» አለ። ባየልኝ የሚባል ቢሮ የሚሠራ፣ ብዕር ከኪሱ የማይጠፋ ወላጅ፣ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ ፈረደ፣ እርስዎስ ስንተኛ ይወጡ ነበር?» አለው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፈረደ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው፤ ያቋረጠውም መጨረሻ መውጣት ስላስጠላው ነው። ያን እንዴት እንዳወቁበት እስከ ዛሬ አልገባውም። ዘሀቢያ በመዳፏ አፏን ያዘች። ሳቋን ልትሸፍን ይሁን ደንግጣ፣ ፈረደ አላጣራም፤ ሳቅ ነው ብሎ ያዘው። የተማሩ ሰዎች ሲስቁ እንዲህ ነው፣ በመዳፍ ነው ብሎ ያዘው።

ከሁለት ቀን በኋላ ለትምህርት ቤቱ ውኃ በበርሜል ጭኖ ሄደ። የምሳ ሰዓት ነበር። የዘሊካ ልጅ ሩፊዳ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ከትሪው ተነሥታ መጣችና በሁለት እጇ ሳምቡሳ ዘረጋችለት። «ጋሼ፣ ይብሉ።» በላ። ምስር ነው፤ ምስር በቃሪያ፣ ሽንኩርቱ በደንብ የበሰለ። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ «እደጊ» ብሏት ሄደ። ሸጋውም ከትሪው ዙሪያ ተቀምጦ ከዚያው ሳምቡሳ ይበላ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ሲገባ ሰዎች የዚያኑ ትምህርት ቤት ነገር ያነሣሉ። አንዱ፣ «ለመሆኑ እዚያ ልጆቹን ምን ያበሏቸዋል?» አለ። ፈረደ እንዲጠየቅ ብቻ ብሎ፣ «ዛሬ ያየሁትን ባልናገር ይሻላል» አለ። በቃ፣ ይችው ናት። ተጠየቀ። «ምን አየህ?» አሉት። «ሳምቡሳው ውስጥ የነበረው ምስር አልመሰለኝም» አለ።

መፍቻ የያዘው መፍቻውን አስቀመጠ። የትራክተር ሆድ ውስጥ የነበረው ራሱን አወጣ። ፈረደ ሲናገር ሰው እንዲህ ሁኖ ሲሰማው የመጀመሪያው ነበር። ሻይ ታዘዘለት። «እርግጠኛ ነህ?» ሲሉት፣ «በዚህ ዓይኔ!» አለ።

በማግስቱ ከተማው ሁሉ ያውቃል። የክርስቲያን ወላጆች ልጆቻቸውን እየጎተቱ አስወጡ። የእስላም ወላጆች ደግሞ፣ «ሆን ብለን እንዳበላን ተቆጠርን» ብለው በተራቸው አስወጡ። ዘሊካ የሳምቡሳውን ድስት ተሸክማ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ በልጇ ማለች፤ የሰማት የለም። ያኔ ሳምቡሳና ሻይ ትሸጥ ነበር፤ የሚገዛት ስለጠፋ ተወችው፤ ኋላ ትንሽ ሱቅ ከፈተች። የፈረደ የንስሐ አባት፣ «ልጁ በልቷል ወይ?» ብለው ጠየቁት። «አዎ አባ» አለ። ሸጋው በማለዳ ጠበል ተጠመቀ፤ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ። ፈረደ ፎጣ ይዞ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ምስር መሆኑን እያወቀ ፎጣ ይዞ ቆሞ ነበር።

ዘሀቢያ ዐሥራ አንድ ልጅ ይዛ ቀረች። ዐሥራ አንዱን ዓመቱን ሙሉ ክብ አስቀምጣ አስተማረች። ሰው ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ አሰበች የምትባለው የፈረደ ሚስትም ስርጉትን ራሷ ወስዳ አስመዘገበች። ትሪው ግን አልተመለሰም።

ፈረደ በኋላ ተጸጽቶ እውነቱን ሊናገር አስቦ ነበር ማለት ደስ ባለ። አላሰበም። ጭራሽ፣ «ምናልባት ሥጋም ሊሆን ይችላል» ብሎ ራሱን ማሳመን ጀመረ፤ ግማሽ ግማሹን አሳመነም። ስለ «ሹፌራችን» አብዝቶ ማውራት የጀመረውም ያኔ ነው። ስለ ተደረገበት ሲያወራ፣ ያደረገውን የሚጠይቀው አልነበረም።

ረቡዕ ዕለት ስርጉት ከትምህርት ቤት እንደመጣች ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ «ዛሬ ዘሊካ ሱቅ ሄደን ነበር» አለች።

«ለምን?»

«ቲቸር የሰው ስም ከመጻፋችሁ በፊት ሰውየውን ራሱን ጠይቁ ትላለች። ዘሊካ ግን፣ ‹እኔ የምለውን ያኔ ብያለሁ፤ ሂዱ ከፊቴ› አሉን። ስንወጣ ልጃቸው ሩፊዳ ተከተለችን። አሁን ትልቅ ሁናለች እኮ። ‹የእናቴን ስም አጥፉት፤ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የኔን ጻፉ› አለችን። ታለቅስ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«የዘሊካን አጥፍተን ‹ሩፊዳ የምትባል ልጅ› ብለን ጻፍን።» ደብተሯን አሳየችው። በላጲስ የተፋቀው ቦታ ሳስቶ ነበር፤ በላዩ ላይ የልጅቷ ስም በጥሩ ጽሕፈት ተጽፏል።

ፈረደ ስሙን አየው። እራት አልበላም። አሰበች፣ «ምን ሁነህ ነው፣ አሞሃል?» ብትለው፣ «የናፍጣው ሽታ ነው» አላት። ሐሙስን እርሻ ላይ ዋለ፤ ሲያርስ ሁለት ጊዜ መስመር ሳተ፤ እንዲያውም የሰው ማሳ ውስጥ ገባ። ዓርብ የጁምዓ ሶላት ተጠናቆ ሱቆች ሲከፈቱ ትራክተሩን ዳር አቁሞ ወደ ዘሊካ ሱቅ ገባ።

ዘሊካ ስኳር እየመዘነች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ምን ልስጥህ?» አለችው።

«ነገር ነበረኝ።»

«ነገር እዚህ አይሸጥም። ነገር የምታከፋፍለው አንተ አይደለህ?»

ይህ የሚገባው ነው። ዋጠው። «ያ ሳምቡሳ...» አለ። «ያ ሳምቡሳ ምስር ነበር።»

«ለኔ ነው እንዴ የምትነግረኝ? የቀቀልኩት እኔ!»

«የለም፣ እኔም ምስር መሆኑን አውቅ ነበር ለማለት ነው። ሩፊዳ ሰጥታኝ በልቼ ነበር። ጋራዥ ገብቼ ያወራሁት ከበላሁ በኋላ ነው።»

ዘሊካ የስኳሩን ማንኪያ ጆንያው ውስጥ ተከለችው። ፈረደ ትጮሃለች፣ ሰው ትሰበስባለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። እሷ ግን ወደ ጓዳ ዞራ፣ «ሩፊዳ! ነይ ውጪ!» ብላ ተጣራች። ወደ እሱ ተመልሳ፣ «ለኔ አይደለም፣ ለሷ ንገራት። እኔ ምስር መሆኑን አንድ ቀንም ተጠራጥሬ አላውቅም። ስትጠራጠር ያደገችው እሷ ናት» አለችው።

ሩፊዳ እርጥብ እጇን እያራገፈች ወጣች። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ በላይ አድጋለች። ፈረደን ስታይ ሻርፗን ሳብ አድርጋ፣ «ሰላም ነዎት ጋሼ?» አለችው። ይህ ሰላምታ ከስድብ የባሰ አቃጠለው።

ደግሞ ተናገረ። መሬት መሬት እያየ።

«በልተዋል?» አለች።

«በልቻለሁ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ሥጋ ቢሆን ኑሮ ያውቁት ነበር?»

«እንዴት አላውቅም? ምስር ነበር፤ ምስር በቃሪያ።»

ልጅቷ የመደርደሪያውን ጠርዝ ያዘች። «በዚያ ሳምንት ቤታችን ሥጋ ነበር» አለች። «አጎቴ ከሱዳን፣ ከገላባት ተሻግሮ መጥቶ ነበር። ለእሱ ሳምቡሳ በሥጋ ተሠርቶ ነበር፤ የኔ የምስሩ ለብቻ። ጠዋት የቋጠርኩት ራሴ ነኝ። እናቴ ምስር ነው ስትለኝ ለኔ አዝና የምትዋሽ ይመስለኝ ነበር። ከየትኛው ሰሀን እንዳነሣሁ ለማስታወስ ስንት ጊዜ... ሸጋው ሲጠመቅ በጠበሉ አጥር ቀዳዳ አይቼዋለሁ። ሲንቀጠቀጥ። እኔ ነኝ ያስጠመቅኩት ብዬ ነበር።»

ዘሊካ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። መጠራጠሯን ታውቃለች፤ የአጥሩን ነገር ግን እሷም ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው።

«ለምን አደረጉት?» አለች ሩፊዳ።

ፈረደ ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥቶ አያውቅም። ዐሥር ዓመት ሙሉ ሲያዘጋጀው ኖሯል፤ ሦስቱን ቀን፣ ድንጋዩን፣ ስሙን፣ ሳቁን። አሁን አንድ በአንድ ሊያወጣው ሲል ሁሉም አነሰበት፤ እዚች ልጅ ፊት የሚቀመጥ አልሆነም።

«ሰው ስቆብኝ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ስቄብዎት ነበር?»

«የለም።»

«እናቴስ?»

«እሷም አልነበረችበትም።»

ፈረደ ወደ ዘሊካ ዞሮ፣ «ይቅር...» ብሎ ሲጀምር እጇን አነሣችበት።

«እሷን ቃል አታውጣት። እዚህ ጓዳ ውስጥ ይቅርታ ጠይቀህ፣ ቀለል ብሎህ እንድትሄድ አልፈልግም። ያወራኸው በአደባባይ ነው። እሑድ ይነበባል አይደል? ይነበብ። እኔ ከፊት ነው የምቀመጠው።»

ቤት ሲደርስ ስርጉትን ጠራት። «ደብተርሽን አምጪ።»

«ምነው፣ ሌላ ድንጋይ ያመላለስክበት አለ?» ብላ ሳቀች። ፊቱን ስታይ ሳቋን ተወችው።

ነገራት። ልጅቷ የተማረችው እንደዚያ ነው፤ አልጮኸችም፣ ጠየቀች። «መቼ ነበር?» አለች። ነገራት። «ምስር መሆኑን ያወቅከው ከማውራትህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» «በፊት።» «እንግዲያው ዋሽተሃል።» «ዋሽቻለሁ።» «ለአባም?» «ለአባም።» «ሸጋውስ ያውቃል?» ሸጋው ጎንደር ይማራል። «አያውቅም» አለ። «ነገ እደውልለታለሁ።» እሷም፣ «ከመነበቡ በፊት ደውልለት» አለችው፤ ጻፈችውም። ስትጽፍ ምላሷን አላወጣችም።

«እዚህ ጋ የተናጋሪው ፊርማ ነው።»

ፈረደ ፊርማ የለውም። ስሙን ጻፈ፤ ሦስት ፊደል ነው፣ ግን ብዙ ቆየ።

ቅዳሜ ጠዋት ለሸጋው ደወለ። ሸጋው እስከ መጨረሻው ሰማና፣ «ሩፊዳ ሰማች?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። «ሰምታለች» አለው። «እሺ» አለ ልጁ። ስልኩ ተዘጋ፤ ኔትወርኩ ይሁን ልጁ፣ ፈረደ መልሶ ሊደውል አልደፈረም።

ከሰዓት በኋላ ዘሀቢያ ራሷ ቤቱ ድረስ መጣች። ከብዙ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። አልተቀመጠችም፤ በር ላይ ቆማ፣ «ስርጉት ያመጣችውን አየሁ» አለች። «ጋሼ ፈረደ፣ ነገ የምታነበው እሷ ናት፤ ተራው የእሷ ነው። ሌላ ልጅ ያንብብላት እንዴ?»

«እሷን ጠይቂያት።»

«ጠይቄያታለሁ። ‹እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እኔ ነኝ የማነበው› አለችኝ።»

«እንግዲያው ታንብብ።» ሊዞር ሲል አላስቻለውም። «ስድብሽን አትናገሪም? ዐሥራ አንድ ልጅ ይዘሽ የቀረሽው በኔ አይደል?»

«ምን ልበልዎት?» አለች። አይኗ ቀልቶ ነበር። «ያን ዓመት በየቤቱ እየዞርኩ ለምኛለሁ። እርስዎም ቤት መጥቼ ነበር፤ ‹የለም› አስባሉኝ። ትራክተሩ በር ላይ ቆሞ። አሁን ነገሩ ሲገባኝ ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ሦስት ቀን ድንጋይ ሲያመጡ ስምዎትን ሳልጠይቅ ቀረሁ። የምርቃቱ ቀን ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ‹ስምዎት ማን ነበር› ብሎ መጠየቅ አሳፈረኝ። ጥፋት ነው። ግን ይኸንን ያህል ጥፋት ነው ጋሼ?»

ፈረደ ዐሥር ዓመት ንቀት ነው ብሎ ያቀፈው ነገር የአንዲት ወጣት መምህርት እፍረት ነበር። አንድ ቀን ቆሞ፣ «ስሜ ፈረደ ነው» ቢላት ያልቅ ነበር።

እሑድ በትምህርት ቤቱ ግቢ የሰሊጥ መራገፊያው ሸራ ለጥላ ተወጠረ። ሰማዩ ደመና ይዟል፣ ሙቀቱ ግን ያው ነው። ዘሊካ እንዳለችው ከፊት ተቀመጠች፤ ሩፊዳ ከጎኗ። ባየልኝ ብዕሩን ኪሱ ሰክቶ ከመሀል። የንስሐ አባትየው ከዳር፣ ዣንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ፈረደ ከሚስቱ ጋር ከኋላ ነበር፤ አሰበች ከአርብ ጀምራ አላነጋገረችውም፤ መጥታ አጠገቡ መቀመጧ ራሱ ሳይበዛበት አልቀረም።

ስርጉት በርጩማ ላይ ቆመች። ስለ መጋዘኑ አነበበች፣ ስለ ክቡ፣ አለንጋ ስለሌለበት፣ ስለ ሰሊጡ። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ እንዲህ ስትል አነበበች፤

«ትሪው የተነሣው በሦስተኛው ዓመት ነው። ሰው ሁሉ ሥጋ ተገኝቶ ነው ይላል። ሥጋ አልነበረም። ወይዘሮ ዘሊካ የሠሩት፣ ሩፊዳም ያመጣችው ሳምቡሳ ምስር ነበር። ሥጋ ነው ብሎ ያወራው አባቴ ፈረደ ነው። አባቴ ከዚያ ሳምቡሳ በልቶ ምስር መሆኑን ያውቅ ነበር። የዋሸው በስብሰባ ላይ ተስቆበት ተናዶ ነው። ወይዘሮ ዘሊካና ሩፊዳ ግን አልሳቁበትም። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ፈርሟል።»

«አቶ ፈረደ» ትላለች ብሎ ፈረደ ጠብቆ ነበር። «አባቴ» ብላ አነበበችው። ልጆቹ ሁሉ መጀመሪያ ያዩት እሷን ነው፤ ከበርጩማው አልወረደችም።

ፈረደ ተነሣ። እንዲነሣ ማንም አልጠየቀውም፤ ቁጭ ብሎ መስማት ስላልቻለ ነው። «እውነት ነው» አለ። «ዘሊካ፣ ሩፊዳ፣ ይቅር በሉኝ። እናንተም ሰዎች።» የሚሰድበው፣ የሚያፏጭበት ሰው ፈለገ፤ ባየልኝ እንኳ ጫማውን ያያል። አባ ዣንጥላቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው መሬት ላይ ተከሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዘሊካ ወደ ኋላ አልዞረችም። ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሰምታችኋል?» አለች። «ሰምተናል» አሉ፤ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሰው፣ ከዚያ ብዙ። ከፈረደ ሦስት ሰው ወዲያ አንዲት ሴትዮ፣ ያኔ ልጆቻቸውን ጎትተው ካስወጡት አንዷ፣ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። ዘሊካ «በቃ» ብላ የልጇን እጅ ይዛ ተነሣች። በፈረደ አጠገብ ሲያልፉ ሩፊዳ ዐይኗን አነሣች፤ ዘሊካ ግን አላየችውም። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም። እስከ ዛሬም አላለችውም።

ወደ ቤት ሲሄዱ አሰበች ቀድማ ሄደች። ስርጉት ደብተሩን ታቅፋ ከፈረደ ጎን፣ ግን ራቅ ብላ ትሄዳለች። ከባጃጅ መቆሚያው ሲደርሱ፣ «ጓደኞቼ አብሬሽ አልሄድም ይሉኛል ብዬ ነበር» አለች። «መጂዳ ግን፣ ‹አንቺ ምን አደረግሽ› አለችኝ።»

«ጎበዝ ልጅ ናት።»

«ናት።»

ጥቂት ሄዱ። ፈረደ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እንግዲህ ተነበበ፤ አለቀ አይደል?» አለ።

ስርጉት ቆመች። እንደ መምህር ቀስ ብላ ነው ያስረዳችው፤ «አላለቀም አባዬ። ቲቸር ደብተሩ ቢሮ ይቀመጣል ብላለች። አራተኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች መጀመሪያ የሚያነቡት እሱን ነው። ከዚያ የራሳቸውን ይጨምሩበታል።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ።»

ፈረደ ያልተወለዱትን ልጆች ሳይቀር በሐሳቡ ቆጠራቸው። ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ አንዷ ጮክ ብላ ስታነብ፣ ሌሎቹ «ይኸ ሰውዬ ማነው?» ብለው ሲጠይቁ።

«ሊጠይቁኝ ይመጣሉ?» አለ።

«ከፈለጉ ይመጣሉ። ሰውየውን ራሱን ጠይቁ ነው የምትለው።»

«እሺ» አለ ፈረደ። «ይምጡ።»